ስፖርት ኩፔ ለዕለት መመላለሻ፦ ባሕር ዳር ላይ ይሆናል?

አባይ ማዶ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው።

ቤቴ አባይ ማዶ ነው። የምሠራው በአዴት መንገድ በኩል ባለ ሆስፒታል ነው። በየቀኑ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣለሁ ማለት ነው። አዲሱ የአባይ ድልድይ በግንቦት 2016 ከተከፈተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቀለል ብሎኛል። ተረኛ ስሆን ሌሊትም እነዳለሁ። እስካሁን የወንድሜን ቪትስ ነበር የምነዳው። አሁን የራሴን ልገዛ ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይኔ የሚያርፈው ዝቅ ያለች ባለ ሁለት በር መኪና፣ ስፖርት ኩፔ የሚሏት ላይ ነው። መንዳት በጣም እወዳለሁ። ከሥራ ደክሞኝ ወጥቼ እንኳ መሪ ስይዝ ይለቀኛል። "ቪትስ ግዢና ተገላገይ" የሚለውን ከቤተሰብ ጠግቤ ሰምቻለሁ።

ሁለት መኪና አይቻለሁ። አንደኛው ቶዮታ ጂአር 86 ነው። አዲስ አበባ አንድ ሻጭ ጋ ነው ያለው። የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከመታገዱ በፊት ገብቶ የቆመ፣ ሰሌዳ ያልወጣለት፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ነው። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ ነው፤ ቢ.ዋይ.ዲ "ሲል"። በሩ አራት ቢሆንም ጣሪያው እንደ ኩፔ ወደ ኋላ ይወርዳል። የተጠየቀባቸው ዋጋ ተቀራራቢ ነው።

በበዓል ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ እሄዳለሁ። አልፎ አልፎ አዲስ አበባ። የነዳችሁ፣ የጠገናችሁ፣ በዓይናችሁ ያያችሁ እስኪ ንገሩኝ።

ጣና ዳር

እህቴ፣ እንኳን እዚህ አደረሰሽ። ከመኪናው በፊት ወረቀቱን እንይ።

መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉን የገለጸው በጥር 2016 ነው። ስለዚህ "ከእገዳው በፊት የገባ" የሚለውን በቃል አትቀበዪ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ዋናውን ጠይቂ፤ ቀኑን እይ። የሻንሲ ቁጥሩን መኪናው ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አመሳክሪ። ሞተሩ 2,387 ሲሲ ነው። በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ መኪና ከባዱ ምድብ ውስጥ ነው የሚገባው። የዋጋው መናር አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዋጋው በጣም ረክሶ ካገኘሽው ደግሞ ቀረጡ መከፈሉን ተጠራጠሪ።

ሰሌዳ ወጥቶ ሊብሬው በስምሽ ሳይሆን ሙሉ ክፍያ አትክፈዪ። ደላላው ቢምል ቢገዘትም።

ባለ ጋራዥ ቡሬ

ልጄ፣ ጂአር 86 የምር ጥሩ መኪና ነው። ቶዮታና ሱባሩ አብረው የሠሩት ነው፤ ሱባሩ ቢአርዜድ የሚባለው ወንድሙ ነው። ክብደቱ ትንሽ ነው፣ መሪው ቀጥተኛ ነው። መንዳት የሚወድ ሰው ቢመርጠው አይገርመኝም። እኔ የማወራሽ ስለ መንገዳችን ነው።

ከመሬት ያለው ከፍታ 13 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ይሄም ባዶውን ነው። ሰውና ዕቃ ሲጫን ዝቅ ይላል። የከተማው ብሬከር (ፍጥነት መቀነሻ ጉብታው) ደግሞ እንደ ሠሪው ነው። በልክ የተሠራ አለ፤ የሰፈር ሰው ልጅ ተገጭቶበት በንዴት ሲሚንቶ የደፋውም አለ። ይሄኛው ነው የሚያሰጋው። በቀጥታ አትግቢበት። ቀስ ብለሽ፣ አግድም፣ አንድ ጎማ ቀድሞ እንዲወጣ አድርገሽ ነው የምታልፊው። ኮፓው፣ ማለት የሞተሩ ዘይት መያዣ፣ ከሥር ከተመታና ኦሊዮ መፍሰስ ከጀመረ፣ ሳታዪ ሆስፒታል እስክትደርሺ ሞተሩ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥሎ ጎማ። ባለ 18 ቸርኬው የሚያስረው 215/40 ነው፤ 215 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር፣ 40 ደግሞ ጎኑ የወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። የጎማው ጎን ቁመት 86 ሚሊ ሜትር ብቻ ማለት ነው። የወንድምሽ ቪትስ 165/70 ባለ 14 ከሆነ ጎኑ 115 ሚሊ ይሆናል። ልዩነቱ ጉድጓድ ላይ ነው የሚታየው። ቪትስ ጎማው ይታጠፍና ይወጣል። ያኛው ብረቱ ይመታል። የጎበጠ ቸርኬ ይቃናል፤ የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ግን አላምነውም።

ስለዚህ ባለ 17 ቸርኬ ካገኘሽ ውሰጂ። 215/45 ነው፤ ጎኑ 97 ይሆናል። ከዚያም ወርዶ 205/55 ባለ 16 ማሰር ይቻላል፤ ግን ቸርኬው ፍሬኑን ማለፉ በመጀመሪያ ይለካ። ቁመቱ በጠቅላላው ከባለ 18ቱ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ጎኑ ግን 113 ይደርሳል። ይህ መጠን የኮሮላ ነው። ባሕር ዳርም ማርቆስም አታጪውም። 215/40 ግን ሲፈነዳብሽ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናሽ ክሪክ ላይ ይከርማል።

ሽምብጥ

እኔ በደስታ ግዢው ባይ ነኝ። በየቀኑ ብቻሽን ነው የምትመላለሺው። አራት ባዶ ወንበር ይዞ መዞር ግዴታ አይደለም። የጋሼን የጎማ ምክር ግን ስሚ፤ ወርቅ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። መኪናው ጉልበቱን የሚያወርደው በኋላ ጎማ ነው። ክረምት ላይ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ነዳጅ በኃይል ከረገጥሽ ጭራው ይዞራል። መንሸራተት መቆጣጠሪያውን አታጥፊው። ከጋራዥ ሲወጣ ያለው ጎማ ጥርሱ ካለቀ ሰኔ ሳይገባ ቀይሪው።

ሌላው ባጃጅ ነው። ዝቅ ብለሽ ስለምትቀመጪ የባጃጅ ሹፌር ከጎኑ መኖርሽን ላያይ ይችላል። ከኋላ ጎን ያለው መስኮት ጠባብ ስለሆነ አንቺም እሱን ላታዪው ነው። መስታወትሽን ወደ ውጭ ሰፋ አድርገሽ አስተካክዪ፤ ከመታጠፍሽ በፊት አንገትሽን አዙሪ። በሩም ረጅም ነው። ገበያ አካባቢ ተጠጋግተሽ ካቆምሽ መውጫ ታጪያለሽ።

ፔዳ

አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ከፍታ የሚያነሳ ሰው ስላጣሁ ነው የገባሁት። እዚህ አገር መኪና ስንመርጥ የምንዘለው ትልቁ ነገር ይህ ነው።

ጂአር 86 ቱርቦ፣ ማለት አየር በኃይል ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ፣ የለውም። አየር የሚስበው በራሱ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። በግምት በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ይቀንሳል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት። ፋብሪካው 228 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር እዚህ 190 አይሞላም። ማርቆስ ስትደርሺ፣ 2,400 ሜትር ላይ፣ ሩቡ የለም። መኪናው 1,300 ኪሎ ገደማ ስለሆነ አሁንም ለጉዞ ከበቂ በላይ ነው። ግን ኢንተርኔት ላይ የባሕር ጠረፍ ሰዎች የሚያወሩትን ፍጥነት ጎጃም ላይ አትጠብቂ።

ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አያስፈልገውም። ጮቄ ሥርም ጣና ዳርም ጉልበቱ ያው ነው። "ሲል" ባለ አንድ ሞተሩ 230 ኪሎ ዋት ነው፤ ከ300 የፈረስ ጉልበት በላይ። ግን 2 ቶን ይመዝናል። ከመሬት ያለው ከፍታም ከቶዮታው አይሻልም፤ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሥሩ ያለው ደግሞ ባትሪው ነው። ጋሼ ስለ ብሬከር ያሉት ለእሱም ይሠራል።

አባይ ማዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የጎማውን ሂሳብ ወረቀት ላይ ጽፌ ይዤዋለሁ።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንድ፣ ጂአር 86 ከፍ ያለ ኦክቴን ቤንዚን እንደሚፈልግ አንብቤያለሁ። እኛ ማደያ ደግሞ ቤንዚን ያው ቤንዚን ነው። ይጎዳዋል? ሁለት፣ ኤሌክትሪኩን ብገዛ የምኖረው ኪራይ ቤት ነው። ቆጣሪው ከአከራዬ ጋር የጋራ ነው። እንዴት ይሆናል?

ባለ ጋራዥ ቡሬ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ።

የዚህ ሞተር ጭመቃ ከፍተኛ ነው፤ 12.5 ለ1። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ ጭመቃን የመቻል አቅሙ ነው፤ ዝቅ ያለው በዚህ ጭመቃ ጊዜው ሳይደርስ ቀድሞ ሊፈነዳ ይችላል። ያኔ ሞተሩ ይንኳኳል። ኮምፒዩተሩ ሲሰማ የእሳቱን ሰዓት ያዘገያል፤ አንቺ የምታዪው መኪናው ሲሰንፍና ነዳጅ ሲበላ ነው።

አሁን የእኛ ከፍታ እዚህ ላይ ይረዳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሲሊንደር ውስጥ የሚጨመቀው ያንሳል። ስለዚህ ባሕር ዳርና ማርቆስ ላይ ቀስ ብለሽ ስትነጂ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው አባይ በረሃ ነው። ድልድዩ ጋ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ወፍራም ነው፣ ሙቀቱ ኃይለኛ ነው፣ ከዚያም ወዲያው ረጅም ዳገት። እዚያ በቀላል ማርሽ (አምስተኛ፣ ስድስተኛ) ጋዝ ረግጠሽ አታስጨንቂው። ወደ ከባድ ማርሽ (ሁለተኛ፣ ሦስተኛ) ቀንሺና ሞተሩ ዞሮ ይውጣ። መንኳኳት ከሰማሽ እግርሽን አንሺ።

ነዳጅ ሲጠፋ በጀሪካን መንገድ ዳር የሚሸጠውን ደግሞ ለዚህ መኪና በፍጹም። ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ጋራዤ የሚመጣው ብዙ ችግር ከዚያ ነው።

ቀበሌ 14

ሁለተኛው የእኔ ነው፤ ኤሌክትሪክ መኪና እነዳለሁ፣ በኪራይ ቤትም ኖሬያለሁ።

ከግድግዳ ሶኬት የምታገኚው 2 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ይህ ከእንጀራ ምጣድ ያነሰ ነው። ምጣድ የሚችል ቤት መኪናም ይችላል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን አይሆንም፣ ቆጣሪው ይወርዳል ወይ ሽቦው ይግላል። የመኪናው መስመር ለብቻው ከቆጣሪ ይነሳ። ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የመሬት ሽቦ። የመሬት ሽቦ ከሌለ ብዙ ቻርጀር እንቢ ይላል፤ እንቢ ማለቱም ለደኅንነትሽ ነው። ለአከራይሽ ደግሞ ትንሽ ንዑስ ቆጣሪ በራስሽ ወጪ አስገጥሚላት። ወር ላይ የተበላው ቁጥር ይነበባል፣ ትከፍያለሽ፣ ጭቅጭቅ የለም።

የአንቺ ዕለታዊ መንገድ ደርሶ መልስ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ የሚበላው 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለት ሰዓት ቻርጅ። የባትሪው ትልቁ 82.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። መብራት ሳምንት ቢጠፋ እንኳ ሥራሽ ትሄጃለሽ። ነዳጅ ወረፋ ለሚያውቅ ሰው ይሄ ትልቅ እረፍት ነው።

ማርቆስ ግን ተዘጋጅተሽ ነው። በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል 250 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ዳገት ቁልቁለቱ ተደምሮ የባትሪውን ግማሽ ይወስዳል። እናትሽ ቤት ሶኬት ላይ ሰክተሽ ያንን ለመመለስ አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልግሻል። በዓል ስለሆነ ለመቆየት ምክንያት አይጠፋም። አዲስ አበባ በአንድ ቻርጅ ግን አይታሰብም።

ደጀን

የአባይ በረሃ ተነሳና ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህን መንገድ ከነጭነት መኪናው አውቀዋለሁ።

ከደጀን እስከ ድልድዩ 1,400 ሜትር ያህል ነው የምትወርጂው። ማንዋል ይዘሽ ከሆነ በፍሬን አትውረጂ። ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ማርሽ አስገብተሽ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ቆንጠጥ አድርገሽ ትለቂያለሽ እንጂ ረግጠሽ አትቆይም። የፍሬን ሸራ ሽታ መኪናሽ ውስጥ ከገባ ቦታ ፈልገሽ ቁሚ።

ኤሌክትሪኩ ቁልቁለቱን ራሱ ይይዛል፤ ሲይዝም ባትሪውን ይሞላል። 2 ቶን መኪና ያን ዳገት ለመውጣት ከሌላው ፍጆታ በላይ ወደ 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል። ሲወርድ ከዚያ ላይ ጥሩ ድርሻ ይመልሳል። አንድ ነገር ግን እወቂ። ደጀን አድረሽ ባትሪውን 100 ሞልተሽ ከተነሳሽ፣ የሚመለሰው ኃይል መግቢያ የለውም። ያኔ መያዙ ይቀንስና በፍሬን ብቻ ትወርጃለሽ። ከ90 በታች አድርገሽ ተነሺ።

በረሃው ውስጥ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጣጥፈዋል። ከሩቅ ደህና የመሰለ ቦታ ላይ ድንገት ጉብታ ይነሳል። ዝቅ ባለ መኪና እዚያ ማታ አትግቢ። ከሁሉም በፊት ደግሞ ከመነሳትሽ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቂ። ይሄ ለሁላችንም ነው።

የማርቆስ እናት

ልጄ፣ ስለ ሞተር አላውቅም። ስለ እናትሽ ግን ልጠይቅሽ። ጉልበታቸው ደህና ነው?

የእኔ ልጅ ባለ ሁለት በር መኪና ይዞ መጥቶ ነበር። የፊት ወንበሩ መሬት ላይ የመቀመጥ ያህል ዝቅ ያለ ነው። ገባሁ፤ መውጣቱ ግን ከበደኝ፣ ሁለት እጄን ይዞ ነው ያወጣኝ። ከኋላማ ወንበር አጥፎ መሽሎክሎክ ነው። ለእኔ ዕድሜ አይሆንም።

መኪና ያለው ሰው ደግሞ የራሱ ብቻ አይደለም። ለቅሶ ሲኖር ጎረቤት ይሳፈራል። ነፍሰ ጡር ሌሊት ምጥ ሲይዛት ያንቺን በር ነው የሚንኳኳው፤ ያውም የሆስፒታል ሰው ነሽ። ከማርቆስ ስትመለሺ ጤፍ ሳይጫንልሽ አትሄጂም። ይህን ሁሉ አስበሽ ግዢ። ደስታሽን እንድትተዪ አይደለም የምልሽ።

አባይ ማዶ

እማማ፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእናቴ ጉልበት ደህና አይደለም። እሷን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ መለማመድ እንዳለብኝ ገባኝ።

ስለ ምጡ ያነሱት እውነት ነው። ሰፈራችን ውስጥ ሌሊት የሚንኳኳው የእኔ በር ነው።

ሽምብጥ

እማማ ያሉትን አከብራለሁ። ጤፉን በተመለከተ ግን የጂአር 86 የኋላ ወንበር ጠቅላላ ይታጠፋል። አራት ጎማ እንዲያስገባ ታስቦ ነው የተሠራው። ኩንታሉን በሁለት ጆንያ ከከፈልሽው ይገባል። ኩንታል የጫነ መኪና ግን ከኋላ ይቀመጣልና ብሬከሩን እንደ ጋሼ አባባል እለፊ።

ምጥና ለቅሶ ላይ መልስ የለኝም። እዚያ ላይ ባለ አራት በሩ ያሸንፋል።

ፔዳ

አንድ ያልተነሳ ነገር፤ መለዋወጫ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን የመለዋወጫ ዋጋ አብሮ ወጣ። የጂአር 86 መለዋወጫ አገር ውስጥ የሚያከማች ሰው አይኖርም ብለሽ ነው መነሳት ያለብሽ። የፊት መብራት ብትሰብሪ ከውጭ ነው የሚመጣው። ለመኪናው ካሰብሽው ገንዘብ ሁሉንም አትጨርሺው። ለመጀመሪያው ዓመት የዘይትና የአየር ማጣሪያ፣ የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላና ሁለት ትርፍ ጎማ ከመኪናው ጋር አብረሽ ግዢ። የኤሌክትሪኩም ሻጭ ባትሪው ላይ የጽሑፍ ዋስትና ካልሰጠሽ ሌላ ሻጭ ፈልጊ። ዋስትናውን የሚፈጽመው ማን እንደሆነና የት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

አባይ ማዶ

አከራዬን አነጋገርኳት። ንዑስ ቆጣሪ በራሴ ወጪ ካስገጠምኩ ግድ የላትም። ስለዚህ ሁለቱም መንገድ ክፍት ነው።

ልቤን ከጠየቃችሁኝ አሁንም ጂአር 86 ነው። ማንዋል መንዳት እወዳለሁ፤ የሚቀጥሉት ዓመታት እንዲህ ዓይነት መኪና ይዘው እንደማይመጡም አውቃለሁ። ግን የእማማ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። እናቴ በሚቀጥለው ሳምንት ለሕክምና አዲስ አበባ ትሄዳለች። ሻጩ ጋ ይዣት እሄዳለሁ። ገብታ፣ ተቀምጣ፣ ወጥታ ትየው። እሷ ካልቻለች "ሲል"ን እወስዳለሁ፣ ቅር ሳይለኝ። ከቻለች ደግሞ ወረቀቱን እንደተባለው አጣርቼ ባለ 17 ቸርኬ ካደረገልኝ ቶዮታውን። ሻጩ ቸርኬ ለመለወጥ ፈቃደኛ ነው።

ጋሼ፣ ከመግዛቴ በፊት ከሥሩ ምን ልይ?

ባለ ጋራዥ ቡሬ

እናትሽን ይዘሽ መሄድሽ ደስ ብሎኛል።

ቆሞ የከረመ መኪና ስለሆነ ጎማው ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት አንብቢ። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ አለ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ በፈረንጅ ነው። ባትሪው ደክሞ ይሆናል፣ አዲስ ያስገባልሽ። ኦሊዮና የፍሬን ዘይት ሳይቀየር እንዳታስነሺው፤ ታንኩ ውስጥ የቆየውንም ቤንዚን ያውጡት። ክሪክ ላይ አስወጥተሽ ኮፓው ላይ መቧጨር እንዳለ፣ የጎማ መሸፈኛው ውስጥም አይጥ ሽቦ በልቶ እንደሆነ እይ። ቆሞ የከረመ መኪና ላይ አይጥ የተለመደ ነው።

ፍሪሲዮኑን እንዲህ ሞክሪ። በሦስተኛ ማርሽ ቀስ ብለሽ እየሄድሽ ጋዝ ርገጪ። የሞተሩ ድምፅ ጨምሮ መኪናው ካልፈጠነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ከዚያ ሁለት ሰው ከኋላ አስቀምጠሽ ሻጩ ሰፈር ያለ ብሬከር ላይ እለፊ። ከሥር ከነካ እዚያው ታውቂዋለሽ።

ስኮርታ ጎማም ጠይቂ። ይሄ መኪና በብዙ አገር የሚሸጠው ያለ ስኮርታ፣ ቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽና ትንሽ ፓምፕ ብቻ ይዞ ነው። ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ያ ፈሳሽ አይረዳም። ስኮርታ ከሌለው ከባለ 17 ቸርኬው አምስተኛ አንድ እንዲጨምርልሽ ከአሁኑ ተነጋገሪ፤ ውሉ ላይም ይጻፍ።